ዐፅም፣ ታቦት፣ መቃብር፦ ቅዱሳን በጥንታዊት አውሮፓ፣ በኢትዮጵያና በጅግጅጋ ዙሪያ

ከጅግጅጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሶማሌላንድ ወሰን አቅጣጫ የምትገኘው አውበሬ፣ ቀደም ሲል ተፈሪ በር በሚል ስምም ትታወቅ የነበረች የፋፈን ዞን ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ የምትጠራበት ስም በዚያው ስፍራ እንደተቀበሩ ከሚታመኑ አንድ ሙስሊም ወሊ፣ ማለትም በጽድቃቸውና በጸሎታቸው ከሚከበሩ የሃይማኖት ሰው የተወረሰ ነው። በዚሁ ወረዳ ውስጥ አውቡቤ የምትባለው ስፍራም እንዲሁ በሌላ ወሊ ስም ትጠራለች። አንድ ሰው ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ መቃብሩ ለሕያዋን መንደር ስም፣ ዳኝነትና የበዓል ቀን የሚሰጥበት ይህ ሥርዓት ለአካባቢው ነዋሪ እንግዳ አይደለም፤ ከዚህ እጅግ ርቆ በሚገኘው በምዕራብ አውሮፓም ከ500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ (የአውሮፓ ዓመታት ሁሉ በዚህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) የክርስትና ከተሞች የተሠሩት በአብዛኛው እንዲህ ባለ መቃብር ዙሪያ ነበር። ይሁን እንጂ የሞተ ቅዱስ በሕያዋን መካከል እንዴት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና የጅግጅጋ ዙሪያ እስልምና የሰጡት መልስ ሦስት ዓይነት ነው፤ ልዩነታቸውም ከተመሳሳይነታቸው ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

የሮም መንግሥት ሕግ ሙታን በከተማ ቅጥር ውስጥ እንዳይቀበሩ ይከለክል ስለነበር፣ በስደቱ ዘመን የተገደሉት የክርስቲያን ሰማዕታት የተቀበሩት ከከተማ ውጭ፣ በመንገድ ዳር በሚገኙ የመቃብር ቦታዎች ነበር። ስደቱ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካበቃ በኋላ ክርስቲያኖች በእነዚህ መቃብሮች ላይ አብያተ ክርስቲያናትን ማነጽ ጀመሩ፤ በ386 ደግሞ የሚላኖው ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ የሰማዕታቱን የጌርቫስዮስንና የፕሮታስዮስን ዐፅም አስቆፍሮ አውጥቶ አዲስ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን መንበር ሥር አሳረፈው። በዚህ ድርጊት ሁለት ነገር ተለወጠ፤ ሙታን ወደ ሕያዋን መንደር ገቡ፣ የቅዱሱ ዐፅምም ከመሠዊያው ጋር፣ ስለዚህም መሠዊያውን ከሚያዝዘው ኤጲስ ቆጶስ ጋር ተቆራኘ። የምዕራቡ የሮም መንግሥት በ476 ሲወድቅና የቀረጥ፣ የዳኝነትና የጦር ሥርዓቱ ሲበታተን፣ በየከተማው ሳይፈርስ የቀረው ሹመት የኤጲስ ቆጶሱ ነበርና፣ የከተማው ጠባቂ ቅዱስም በኤጲስ ቆጶሱ እጅ ያለ ታላቅ ሀብት ሆነ።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በዛሬዋ ፈረንሳይ ሎዋር በተባለው ወንዝ ዳር ያለችው የቱር ከተማ ናት። የቱር ጠባቂ ማርቲኖስ በወጣትነቱ የሮም ወታደር የነበረ፣ ገድሉ እንደሚለው ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ ለታረዘ ለማኝ ያካፈለ፣ ኋላም መንኩሶ የቱር ኤጲስ ቆጶስ የሆነ ሰው ነው። በ397 ካንድ በተባለ መንደር ባረፈ ጊዜ ቀድሞ የመነኮሰበት የፑዋትዬ ከተማ ሕዝብና ኤጲስ ቆጶስ የሆነባት የቱር ሕዝብ በአስከሬኑ ተከራከሩ፤ ሌሊት የፑዋትዬ ሰዎች እንቅልፍ ሲጥላቸው የቱር ሰዎች አስከሬኑን በመስኮት አውጥተው በጀልባ ይዘውት እንደሄዱ የሚተርከው፣ ከ573 እስከ 594 የቱር ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ጎርጎርዮስ ነው። ተራኪው የአሸናፊው ወገን ጳጳስ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። ያም ሆኖ ጎርጎርዮስ ስለ መቃብሩ የጻፋቸው መጻሕፍት ዘመኑን ለማወቅ ተወዳዳሪ የላቸውም፤ ሕመምተኞች ከመቃብሩ አጠገብ እንደሚያድሩ፣ ከመብራቱ ዘይትና ከሻማው ሰም እንደሚቀቡ፣ እርሱ ራሱም ተቅማጥ ሲያሠቃየው ከመቃብሩ የተወሰደ ትቢያ በውሃ በጥብጦ ጠጥቶ እንደዳነ ይናገራል። ጠበልና እምነት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ የሚደነቅ አይመስልም። ከሕመምተኞቹ ሌላ የንጉሥ ቁጣ የሸሹ መኳንንትና ከጌቶቻቸው ያመለጡ ባሪያዎች በቅዱሱ ደጅ ይማጸኑ ነበር፤ የፍራንኮች ንጉሥ ክሎቪስም በ508 ከጦርነት ድል በኋላ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ ከቁስጥንጥንያ የተላከለትን ሹመት አክብሯል። የወታደር ኃይል የሌለው ኤጲስ ቆጶስ ንጉሥን ደጅ ላይ የሚያቆም ሥልጣን ያገኘው ከመቃብሩ ነው ማለት ነው።

ዐፅምን ቆርሶ ማካፈል መጀመሪያ ላይ በሁሉም ዘንድ የተወደደ አልነበረም። በ594 የቁስጥንጥንያዋ ንግሥት ኮንስታንቲና የሐዋርያው ጳውሎስ ራስ እንዲላክላት የሮማውን ሊቀ ጳጳስ ታላቁን ጎርጎርዮስን በጠየቀችው ጊዜ፣ ሊቀ ጳጳሱ የቅዱሳንን አካል መንካት በሮም እንደ ነውር የሚቈጠር መሆኑን ጠቅሶ፣ በምትኩ በመቃብሩ ላይ ቆይቶ የተባረከ ጨርቅ መላክ ልማድ እንደሆነ መለሰላት። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ግን ይህ ጥንቃቄ ተረሳ። ሻርለማኝ የተባለው የፍራንኮች ንጉሥ ከራይን ወንዝ በስተምሥራቅ ያሉትን ሳክሶኖች በሰይፍ ኃይል ሲያጠምቅ፣ አዲሱ የክርስቲያን ምድር ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ቢሠሩለትም የራሱ ሰማዕታት አልነበሩትም፤ በ787 በኒቅያ የተደረገው ሁለተኛው ጉባኤ ደግሞ ያለ ቅዱሳን ዐፅም ቤተ ክርስቲያን እንዳይቀደስ ደንግጎ ነበር። ፍላጎቱ ከፍ ሲል ገበያው ተከተለ። የሻርለማኝን ታሪክ የጻፈው አይንሃርድ በ827 ዲዮስዶና ከተባለ የሮም ዲያቆን ጋር ተስማምቶ ጸሐፊውን ወደ ሮም ከላከ በኋላ፣ የማርቄሊኖስና የጴጥሮስ የተባሉ ሰማዕታት ዐፅም በሌሊት ከመቃብር ተሰርቆ ወደ ጀርመን ተጓዘ፤ በመጨረሻም ዘሊገንሽታት በተባለው ስፍራ አረፈ። አይንሃርድ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ በመጽሐፍ ጽፎታል፤ በእርሱ እምነት ቅዱሳኑ ራሳቸው መሄድ ባይፈልጉ ኖሮ ማንም ሊያንቀሳቅሳቸው አይችልም ነበርና ስርቆቱ የፈቃዳቸው ምልክት ነው። ለሌባ የሚመች ሥነ መለኮት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው በ828 የተፈጸመው ነው። የቬኒስ ነጋዴዎች የወንጌላዊው ማርቆስን ዐፅም ከእስክንድርያ ወስደው በመርከብ ወደ ከተማቸው አሻገሩት፤ የቬኒስ ትውፊት እንደሚለው የወደቡ ሙስሊም ጠባቂዎች እንዳይፈትሹት ዐፅሙን በአሳማ ሥጋ ሸፍነውት ነበር። ቬኒስ ከዚያ በኋላ የቀድሞ ጠባቂዋን ቴዎድሮስን ትታ በማርቆስ ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሠራች፤ የወንጌላዊውንም ምልክት፣ ክንፍ ያለውን አንበሳ፣ የመንግሥቷ ምልክት አደረገች። ኢትዮጵያ ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ጳጳሶቿን ታገኝ የነበረው ከዚሁ ከእስክንድርያው የማርቆስ መንበር ነው፤ መንበሩ ግን የወንጌላዊውን ዐፅም አጥቶም መንበረ ማርቆስ መባሉን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1968 የሮማው ፓፓ ጳውሎስ ስድስተኛ የዐፅሙን ክፋይ ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሲመልሱና በካይሮ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ከተገኙት እንግዶች አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ያለ ዐፅም መጽናቷ የኢትዮጵያን መንገድ ለመረዳት በር ይከፍታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው በ325 በኒቅያ፣ በ381 በቁስጥንጥንያና በ431 በኤፌሶን የተደረጉትን ሦስት ጉባኤያት ብቻ ስለሆነ፣ ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ፣ የ787ቱ የዐፅም ድንጋጌ ጭምር፣ በእርሷ ላይ ኃይል የለውም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርጋት በጳጳስ የተባረከና በሜሮን የከበረ ታቦት ነው፤ ታቦቱ የሚጠራበት ቅዱስም የዚያ ደብር ጠባቂ ይሆናል። ይህ ሥርዓት ያመጣው ውጤት ቀላል አይደለም። በአውሮፓ አንድ ቅዱስ በብዙ ስፍራ እንዲገኝ አካሉ መቆራረጥ ወይም መሰረቅ ነበረበት፤ በኢትዮጵያ ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በሐረር፣ በጅግጅጋ ወይም በድሬዳዋ ቢተከል ከሌላው ደብር የሚጎድል ነገር የለም።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚታየው አካል በሌላቸው በመላእክት ላይ ነው። ቅዱስ ሚካኤል መልአክ ነውና ዐፅም የለውም፤ ሆኖም በጣሊያን የጋርጋኖ ተራራ ዋሻ ተገለጠ ከተባለ በኋላ ያ ዋሻ ትልቅ የመሳለሚያ ስፍራ ሆነ፤ በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም የአቭራንሽ ኤጲስ ቆጶስ ኦበርት በፈረንሳይ የባሕር ዳር ዐለት ላይ፣ ዛሬ ሞን ሳን ሚሼል በሚባለው ስፍራ፣ ለመልአኩ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ወደ ጋርጋኖ መልእክተኞች ልኮ መልአኩ ትቶት ሄደ ከተባለው ቀይ መጐናጸፊያ ቁራጭና ከቆመበት ዕብነ በረድ ስባሪ አስመጣ። የአውሮፓ ሰው ለመልአክ እንኳ ሊዳሰስ የሚችል ነገር ፈለገ። በኢትዮጵያ ግን በወር በወር በ12 የሚታሰበው ሚካኤል፣ በ19 የሚታሰበው ገብርኤል እንዲህ ያለ ማስረጃ አልጠየቁም፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከጅግጅጋ፣ ከሐረር፣ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጎርፍባት ቁልቢ የቅዱስ መቃብር የሌለባት፣ በገብርኤል ታቦትና በስለት ብቻ የገነነች ስፍራ ናት።

ይህ ማለት በኢትዮጵያ ዐፅም ክብር የለውም ማለት አይደለም። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም፣ ማለትም ከመጀመሪያው መቃብር ወደ ሌላ ስፍራ የተዛወረበት ቀን፣ በደብረ ሊባኖስ በታላቅ በዓል ይከበራል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ከሮም ምሥራቃዊ ግዛት መጥተው በአክሱም ዙሪያ ገዳማትን እንደመሠረቱ የሚነገርላቸው ዘጠኙ ቅዱሳን ግን ሌላ መንገድ ያሳያሉ። እነርሱ በ529 ገደማ ሞንቴ ካሲኖ የተባለውን የጣሊያን ገዳም የመሠረተው የቤነዲክቶስ የዘመን ባልንጀሮች ሊባሉ የሚችሉ የገዳም አባቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ዋና የሆኑት አቡነ አረጋዊ በደብረ ዳሞ ጥቅምት 14 ቀን እንደተሰወሩ እንጂ እንደሞቱ አይነገርም። የተሰወረ ሰው ዐፅም አይኖረውም፤ የሚተርፈው ገዳሙ፣ ስሙና ከፈጣሪ ተቀበለው የሚባለው ቃል ኪዳን ነው። በዚህ ቃል ኪዳን መሠረት በስሙ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ፣ ዝክሩን የሚዘክር፣ ገድሉን የሚያጽፍ ወይም የሚያነብ ሁሉ የበረከቱ ተካፋይ ይሆናል። የዘጠኙ ቅዱሳን ገድላት የተጻፉት ቅዱሳኑ ከኖሩበት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ መሆኑን የታሪክ ተመራማሪዎች ያስገነዝባሉ፤ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ብራና ግን በካርቦን ልኬት ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የሚመደብ በመሆኑ፣ የገዳሙ ጥንታዊነት በገድል ብቻ የቆመ አይደለም።

ወደ ጅግጅጋ ዙሪያ ሲመለሱ ሦስተኛው መልስ ይገኛል። ብሪታንያዊው ከርል እ.ኤ.አ. በ1937 በሶማሌ ምድር ስላሉ የፈራረሱ ከተሞች ባሳተመው ጥናት፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ የድንጋይ ቤቶችና መስጊዶች ቅሪት ያላቸውን ብዙ ስፍራዎች መዝግቧል፤ በስማቸው መነሻ ላይ «አው» የሚል የክብር መጠሪያ ያለባቸው እንደ አውበሬና አውቡቤ ያሉት፣ የአካባቢው ወሊ የተቀበረባቸው መሆናቸውንም ጠቁሟል። እነዚህ ከተሞች ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ በአዳል ዘመን የበለጸጉ ሲሆኑ፣ ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነቶች በኋላ ባዶ ቀርተዋል። ነዋሪው ሲበተን፣ ቤቱ ሲፈርስ፣ ገበያው ሲዘጋ ያልጠፋው የወሊው መቃብር ነው፤ ከብት አርቢው ማኅበረሰብም ፍርስራሹን በወሊው ስም ማወቁን ቀጠለ። እዚህ ላይ ከቱር ጋር ያለው ተቃርኖ ግልጽ ነው፤ በቱር ከተማው መቃብሩን ጠበቀ፣ በአውበሬ መቃብሩ የከተማውን ቦታ ጠበቀ።

በሶማሌ ሙስሊሞች ዘንድ የወሊ መቃብር አይከፈትም፣ ዐፅሙም አይከፋፈልም፤ በእስልምና የሙት አካል መክበርና በተቀበረበት ማረፍ አለበትና። ስለዚህ ቅዱሱ ወደ ሰው አይሄድም፣ ሰው ወደ ቅዱሱ ይሄዳል። ጉብኝቱ በሶማሊኛ ስያሮ፣ በወሎና በሌላው የአገሪቱ ክፍል ሙስሊም ዘንድ ዚያራ ይባላል፤ ቁርአን ይቀራል፣ ዚክር ይደረጋል፣ እርድ ታርዶ ድሃ ይበላል፣ ከፈጣሪ ለወሊው የተሰጠ በረካም ይለመናል። የወሊው በረካ በደም ይወረሳል የሚል እምነት ስላለም የጎሳ አባቶች ራሳቸው እንደ ወሊ ይከበራሉ፤ የኢሳቅ ጎሳ አባት የሼኽ ኢሳቅ መቃብር በሶማሌላንድ የባሕር ዳርቻ በማይድ መገኘቱ ለዚህ ምሳሌ ነው። በሃርጌሳ አቅራቢያ የተቀበሩት አው በርኸድሌ ደግሞ የአረብኛን ፊደል ለሶማሌ ተማሪ በሚገባ መንገድ ማስተማርን እንደጀመሩ ይነገርላቸዋል። በምዕራብ በኩል ያለችው ሐረርም ከዚሁ ዓለም ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ 82 መስጊዶችና 102 የወሊ መቃብሮችና የመታሰቢያ ስፍራዎች እንዳሏት ተመዝግቧል።

ጅግጅጋ ራሷ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ዘግይታ የመጣች ናት። እንግሊዛዊው ካፒቴን ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1893 ሲያልፍባት ያያት በውሃ ጉድጓዶች አጠገብ የታጠረች፣ 25 ወታደር የሚጠብቃት ምሽግ ነበረች። ከመሀል አገር የመጣው ወታደርና ነጋዴ ታቦቱን ይዞ ስለመጣ፣ በከተማዋ የክርስቲያኑ ቅዱሳን ቀን ከሙስሊሙ የዚያራ ቀን ጎን ለጎን ይውላል። ይህ ጎረቤትነት ሁልጊዜ ሰላማዊ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በተነሳው ሁከት በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል።

ቅዱስ ማን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በሦስቱም ዘንድ አከራክሯል። በጥንታዊት አውሮፓ መጀመሪያ ላይ የሚወስነው ሕዝቡ ነበር፤ መቃብሩ ላይ ሰው ከተሰበሰበ፣ ተአምር ከተነገረ፣ ኤጲስ ቆጶሱም ካልተቃወመ ቅድስናው ጸደቀ። የፍራንክፈርት ጉባኤ በ794 አዲስ ቅዱሳን እንዳይታሰቡ፣ የማይንዝ ጉባኤ በ813 ያለ ፈቃድ ዐፅም እንዳይዛወር የከለከሉት ነገሩ ከቁጥጥር ስለወጣ ነው፤ በ993 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ አሥራ አምስተኛ የአውግስቡርጉን ኤጲስ ቆጶስ ኡልሪክን ቅዱስ ብሎ በይፋ በመሰየም ለጊዜው እንግዳ የነበረ አሠራር ጀመረ፣ በ1234 በወጣው የፓፓ ጎርጎርዮስ ዘጠነኛ የሕግ ስብስብ ደግሞ ውሳኔው የሮም ብቻ ሆነ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ችሎት ሳይቆም፣ የአንድ አባት ስም በስንክሳር፣ ማለትም በየቀኑ በሚነበበው የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ መግባቱና ታቦት በስሙ መቀረጹ ዕውቅናውን ይሰጠው ነበር። በሶማሌ ወሊዎች ዘንድ መዝገብም ችሎትም የለም፤ የሚመሰክረው የመቃብሩ ጠባቂ ቤተሰብ፣ የሱፊው መንገድ ሼኽና የሚመጣው ሰው ነው።

ተቃዋሚም በየቤቱ ተነስቷል። በ1562 የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች የቱርን ቤተ ክርስቲያን ዘርፈው የማርቲኖስን ዐፅም አቃጥለዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ፈርሶ በላዩ መንገድ ስለተቀየሰበት የመቃብሩ ስፍራ እንደገና የተገኘው በ1860 ነው። በደቡብ ሶማሊያ አልሸባብ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሱፊ ሼኾችን መቃብሮች አፍርሷል። በመቃብር ላይ ልመና ከአሐዳዊ እምነት ጋር ይጋጫል የሚሉ የሙስሊም መምህራን በሶማሌ ክልልም አሉ፤ የዚያራ ወገኖች ደግሞ የሚለመነው አላህ እንጂ ሟቹ አይደለም ብለው ይመልሱላቸዋል። በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምስልና በዐፅም ላይ የተከራከሩት የክርስቲያን ሊቃውንትም ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገሩም፤ ክብር ለቅዱሱ፣ አምልኮ ለፈጣሪ ብቻ የሚለውን ድንበር በኒቅያ በ787 የደነገጉት ያንኑ ነቀፋ ለመመለስ ነበር።